ለመንገድ ዳር ታፔላ የሚሆን ወፍራምና ጂኦሜትሪያዊ የአማርኛ ፎንት፦ ንድፉ ከየት ይጀመር?

የጣፎ ታፔላ
ለገጣፎ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሙያ ወዳጆቼ። ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ታፔላ፣ ባነርና ስቲከር በምንሠራበት ቤት ውስጥ የንድፉን ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ። ለታፔላ ብቻ የታሰበ፣ መስመሩ ወፍራም፣ አካሉ ከክብ፣ ከካሬና ከቀጥታ መስመር የተገነባ የአማርኛ ፎንት እየነደፍኩ ስለሆነ፣ ሥራው ብዙ ሳይገፋ የእናንተን ሐሳብ ለመስማት ፈለግሁ።

የላቲን ፊደል ለደንበኛ ስንመርጥ አንቸገርም። ፖል ሬነር ነድፎት በፍራንክፈርት የነበረው ባወር የተባለ የፊደል ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ፉቱራ ዛሬም አላረጀም፤ የአፖሎ 11 ተጓዦች እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት ሰሌዳ የተጻፈውም በእሱ ነው። ጎታም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ነዳፊው ቶባያስ ፍሬር-ጆንስ መነሻ ያደረገው በኒው ዮርክ ሕንፃዎች ላይ የነበሩትን የቆዩ ጽሑፎች ነው። ሞንሴራት ደግሞ በቦነስ አይረስ የሚገኝ የአንድ ሰፈር ስም ሲሆን፣ ሑሊዬታ ኡላኖቭስኪ ፎንቱን የነደፈችው የሰፈሩን አሮጌ ታፔላዎችና ፖስተሮች ተመልክታ ነው። በእነዚህ ፎንቶች ውስጥ ወፍራሙ መልክ ራሱን ችሎ፣ ለብቻው ታስቦበት የተነደፈ ነው። ወደ አማርኛው ስንመጣ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው አንድ መልክ ብቻ ያለውን ፎንት መርጠን «ቦልድ» የሚለውን መጫን ነው። ለምሳሌ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ስንለው ሶፍትዌሩ የፊደሉን ጠርዝ በየአቅጣጫው ያሳብጠዋል እንጂ ባለሙያ አስቦ የነደፈው ወፍራም ፊደል አይወጣም።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ለማየት መንገድ ዳር አብዝተን የምንጽፋቸውን ቃላት ማንሳት ይበቃል፤ ሆቴል፣ ካፌ፣ ቤት፣ ጤና፣ ፎቶ። ቴ፣ ፌ፣ ቤ እና ጤ ኃምስ በመሆናቸው ከእግራቸው በኩል ቀለበት አላቸው፤ ፎ እና ቶ ደግሞ ቀለበታቸውን ከላይ ተሸክመዋል። ፊደሉ ሲያብጥ በመጀመሪያ የሚጠፋው የቀለበቱ ዓይን ነው። ዓይኑ የተደፈነ ቴ ከሩቅ ሲታይ ቲ ይሆናል፣ ቤትም ቢት ተብሎ ይነበባል። አንባቢው ቃሉን ስለሚያውቀው ብቻ ይገምተዋል፤ አዲስ የድርጅት ስም ሲሆን ግን የሚገምትበት ነገር የለውም።

ስለዚህ የወፍራሙን ፊደል ጂኦሜትሪ መወሰን ያለበት ትልቁ አካል ሳይሆን ትንሹ ምልክት ነው የሚል አቋም ይዣለሁ። ቀለበቱ ዓይኑን ሳይዘጋ ምን ያህል ሊወፍር እንደሚችል አስቀድሜ እለካለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ምሰሶው ውፍረት እሄዳለሁ። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ሁሉም መስመር እኩል ውፍረት ይኑረው ወይስ አግድሙ ይሳሳ? እንደ ዐ፣ ወ እና ቀ ባሉት ላይስ ክቡ በኮምፓስ እንደተሣለ ፍጹም ክብ መሆን አለበት?


ብራናና ብርዕ
ሱሉልታ

የጣፎው ወንድሜ፣ ሥራዎን ያበርታልዎ። ቁም ጽሕፈት የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከብርዑ በኩል አየዋለሁ። በብራና ላይ የቋሚው መስመር መወፈርና የአግድሙ መሳሳት ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ የመቃው ብርዕ አፉ ሰፊ ሆኖ ስለሚቆረጥና ጸሓፊው አያያዙን ስለማይለውጥ፣ ወደ ታች ሲወርድ በስፋቱ፣ ወደ ጎን ሲሄድ በስሱ ይጽፋል። የመጀመሪያው የግዕዝ ኅትመት፣ ማለትም ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ የብረት ፊደሉ የተቀረጸው በእጅ የተጻፈውን መልክ ተከትሎ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ ስናገር፣ መስመሩ ሁሉ እኩል ይወፍር የሚለውን አልደግፍም። በአማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ በላቲኑ ከመስመር በላይ የሚዘልቅና ከመስመር በታች የሚወርድ ፊደል ለዓይን መያዣ ሲሰጥ፣ የእኛ ፊደላት ግን ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። አግድሙንም ቋሚውንም እኩል ካወፈሩት ቃሉ አንድ ጥቁር አጥር ይሆናል። ዓይን ፊደሉን ከፊደል የሚለየው በእግሮቹ መካከል ባለው ብርሃን ስለሆነ፣ ያንን ብርሃን የሚቆጥብ ንድፍ ያስፈልጋል።

ሌላው የራስጌና የግርጌ ጉዳይ ነው። የላቲን ባለሙያዎች ሰሪፍ የሚሉትን ጭራ ቆርጠው ሲያስወግዱ በእኛ ፊደል ላይ የሚቀረው ምን እንደሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የብርዑ አነሣስ በምሰሶው ጫፍ ላይ የሚተወው ትንሽ ዝንባሌ ጭራ አይደለም፤ ፊደሉ የሚቆምበት አቋም ነው። ሁሉንም ጫፍ በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ከቆረጡት ፊደሉ ከፊደልነት ወደ ቧንቧ ሥራ እንዳይሄድብዎ እሰጋለሁ።


ክብና ካሬ
የካ አባዶ

ሁለታችሁም ያነሣችሁት ነጥብ ተገቢ ነው። ፎንት በመንደፍ የምተዳደር እንደመሆኔ ከልኬቱ በኩል ልጨምር።

ጂኦሜትሪያዊ የሚባሉት ፊደላት በጂኦሜትሪ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ቋሚና አግድም መስመሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ዓይናችን አግድሙን ወፍራም አድርጎ ያያል፤ ስለዚህ እኩል እንዲመስል አግድሙ መሳሳት አለበት። ክብ ፊደል ከካሬው ጋር በአንድ መስመር ላይ ቢቀመጥ ያነሰ ስለሚመስል፣ ከላይም ከታችም ከመስመሩ በጥቂቱ ማለፍ ይኖርበታል። ሁለት ወፍራም መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን ደግሞ ጥቁር ቋጠሮ ስለሚፈጥር ከውስጥ በኩል ይሸረሸራል። ፉቱራም ቢሆን ሲያዩት የኮምፓስ ሥራ የሚመስለው እነዚህ ማስተካከያዎች በጥንቃቄ ስለገቡበት ነው። ስለዚህ የኮምፓስ ክብ የመነሻ ንድፍ እንጂ የመጨረሻው ቅርጽ ሊሆን አይችልም።

በእኛ ፊደል ላይ ችግሩ የሚከፋው ራሳቸው ላይ ተጨማሪ አግድም በተጫነባቸው በእነ ሸ፣ ኘ፣ ቸ እና ኸ ላይ ነው። ሹን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የፊደሉ ቁመት 100 ነው እንበል፤ መስመሩም ሁሉ 20 ይሁን። የላይኛው አግድም 20 ይወስዳል፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት 12 ይሁን፣ የሰ ራስ ሌላ 20 ይወስዳል። ለእግሩ የቀረው 48 ብቻ ነው። የካዕቡ ምልክት በእግሩ መካከል ሲገባ እሱም 20 ይበላል፤ ስለዚህ ከምልክቱ በላይና በታች የሚቀረው 14፣ 14 ነው። እዚህ ላይ ሹ እና ሺ መለየታቸው ያከትማል። አሁን ምሰሶውን እዚያው 20 ላይ ትተን የላይኛውን አግድም ወደ 14፣ የሰን ራስ ወደ 16፣ ምልክቱንም ወደ 14 እናውርደው። ለእግሩ 58 ይተርፋል፤ ከምልክቱ በላይና በታችም 22፣ 22 እናገኛለን። ፊደሉ አሁንም ወፍራም ነው፣ ዓይንም ልዩነቱን አያስተውልም፤ ካዕቡ ግን ካዕብ ሆኖ ይነበባል።

ከዚህ የተነሣ ለጣፎው ባልደረባችን የምመክረው፣ በ«ሀ» ወይም በ«ለ» ሳይሆን በሹ፣ በኜ፣ በጤ እና በቿ እንዲጀምሩ ነው። እነዚህን የሚችል ውፍረት ሌላውን ሁሉ ይችላል። ቀላሎቹን አስቀድሞ አሳምሮ ከባዶቹን ወደኋላ የሚያቆይ ነዳፊ፣ መጨረሻ ላይ ከባዶቹን በግድ እያጠበበ ሊያስገባቸው ይገደዳል፤ በገበያው ላይ ያሉ ብዙ ወፍራም ፎንቶች ሸ እና ኘ ላይ ሲደርሱ መልካቸው የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ ጫፎቹ ግን ከብራናና ብርዕ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በ5 ሴንቲሜትር ቁመት የሚያምር ዝንባሌ በ50 ሴንቲሜትር ሲሆን የተሳሳተ ቁርጥ ይመስላል። ከብርዑ መወሰድ ያለበት ዝንባሌው ሳይሆን የውፍረቱ አደላደል ነው የሚል እምነት አለኝ።


ቁርጥ ሥራ
ቃሊቲ

እኔ ባለመብራት ፊደል የምሠራ ሰው ነኝ፤ እናንተ በስክሪን ላይ የምታዩትን እኔ በፕሌክሲግላስና በአሉኮቦንድ (በአሉሚኒየም በተለበጠ ሰሌዳ) ስለምቆርጠው ንድፉ ከማሽኑ ጋር የሚጋጭበትን ቦታ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ደንበኛ ወፍራም ፊደል የሚፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም። በፊደሉ ሆድ ውስጥ ኤልኢዲ ስለሚገባ ስስ መስመር መብራቱን አይዝም። ክብና ካሬ ከ100 ላይ ያሉት 14፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ፊደል ላይ 2.8 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህ ለእኔ ይበቃኛል። ከ2 ሴንቲሜትር ከወረደ ግን የጎኑን ግድግዳ አጥፎ መለጠፍም፣ መብራቱን ማስገባትም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ንድፉ «ከዚህ ቁመት በታች በመብራት አይሠራም» የሚል ወሰን አብሮት ቢመጣ ብዙ ክርክር ይቀርልናል።

ሁለተኛው የውስጥ ማዕዘን ነው። የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ) የሚቆርጠው በሚሽከረከር ክብ ቢት፣ ማለትም በመቁረጫ ብረት ስለሆነ የውስጥ ማዕዘኑ ምንጊዜም ከቢቱ ውፍረት ጋር ተስማምቶ ይከበባል፤ በሌዘር የሚቆረጥ ፕሌክሲግላስ ላይ ግን ማዕዘኑ ስል ሆኖ ይወጣል። አንዱ ታፔላ ግማሹ በሲኤንሲ፣ ግማሹ በሌዘር ሲሠራ የሁለቱ «በ» ፊደል አይመሳሰልም። ነዳፊው የውስጥ ማዕዘኖቹን ከጅምሩ በጥቂቱ ቢያከብባቸው ሁለቱም ማሽን አንድ ዓይነት ፊደል ይሰጣሉ። ስቲከር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስል የሆነ የውጭ ማዕዘንና ትንሽ ቁራጭ ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁበት በመጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው፤ ትርፉን በመርፌ የሚነቅለው ልጅም በጣም የሚቸገርባቸው የኃምስ ቀለበቶች ናቸው።

ሦስተኛውንና ዋነኛውን ልንገራችሁ። ሌሊት ብርሃን ከፊደሉ ጠርዝ ወደ ጨለማው ይፈስሳል። ቀን ላይ ዓይኑ ክፍት የነበረው የጤ ቀለበት ሲበራ የተደፈነ ይመስላል። በቀን ለሚታየውና በሌሊት ለሚበራው አንድ ውፍረት መጠቀም ትክክል አይደለም፤ ለሚበራው ቀለበቱ ሰፋ፣ መስመሩ ደግሞ ሳሳ ያለ ሁለተኛ መልክ ቢነደፍ ከልብ አመሰግናለሁ።


መምህርት ነኝ
ቡራዩ

የፊደል ነዳፊ ባልሆንም አንደኛ ክፍል ስለማስተምር ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ልጆች ክፍል ውስጥ የተማሩትን ፊደል በመጀመሪያ የሚፈትኑት ወደ ቤት ሲሄዱ በሚያዩት ታፔላ ላይ ነው። ካዕብንና ሣልስን መለየት ለእነሱ ቀላል አይደለም፤ ምልክቱ አንድ ዓይነት አጭር መስመር ሆኖ ቦታው ብቻ ስለሚለያይ፣ መካከል ላይ ነው ወይስ ግርጌ የሚለውን በደንብ ማየት አለባቸው። አጎራባቾቻችንን እስቲ ጻፏቸው፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ቱሉ ዲምቱ። ቱሉ ዲምቱ በሚለው ውስጥ ሦስት ካዕብና አንድ ሣልስ አለ። ምልክቱ በውፍረት ምክንያት ወደ ታች ከተንሸራተተ ልጁ «ቲሊ» ብሎ ቢያነብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ምልክቱ መካከል ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከመካከልም ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚጎዳ ነገር ይኖራል? የጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽሑፌ ላይ ካዕብን ከፍ፣ ሣልስን ደግሞ መሬት አስነክቼ ስጽፍ ልጆቹ ቶሎ ይለያሉ።


ክብና ካሬ
የካ አባዶ

እህቴ መምህርት፣ ምንም የሚጎዳ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ትክክለኛው መፍትሔ እሱ ነው። በመለኪያ መካከል የሆነ ነገር ለዓይን ሁልጊዜ ከመካከል ዝቅ ያለ ይመስላል። በሹ ምሳሌ ላይ ከላይ 20፣ ከታች 24 ብናደርገው ምልክቱ መካከል ላይ ሆኖ ይታያል፣ ከሣልሱም ይበልጥ ይርቃል። ለሣልሱ ደግሞ ምልክቱ ከእግሩ ግርጌ ጋር በአንድ መስመር ላይ በትክክል እንዲያርፍ ማድረግ፣ ወደ ላይ እንዳይነሣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።


ሦስት ቋንቋ
ሰበታ

እዚህ አካባቢ የምንሠራው ታፔላ ብዙውን ጊዜ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድነት የሚጻፉበት ስለሆነ፣ ከአማርኛው ፎንት ጋር የሚሄደው የላቲን ፊደል የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ረጅሙን አናባቢ ፊደሉን በመደረብ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሁለት ኤ (a) ወይም ሁለት ኦ (o) ጎን ለጎን በብዛት ይመጣሉ። እንደ ፉቱራ ባለው ፊደል ውስጥ ትንሹ ኤ ክብና አንድ ምሰሶ ብቻ ነው፤ ሲወፍርና ከሩቅ ሲታይ ድርቡ ኤ ከድርቡ ኦ ጋር ይምታታል። በጎታምና በሞንሴራት ላይ ያለው ትንሹ ኤ ግን ባለ ሁለት ፎቅ፣ ማለትም ከክቡ በላይ ቅስት ያለው በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም። ለእኛ አካባቢ ፉቱራን የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ጽሑፉን ሁሉ በትልልቁ ፊደል ይጻፈው እላለሁ።

የቁመት ጉዳይም አለ። የፉቱራ ትንንሽ ፊደላት ከትልልቆቹ አንጻር በጣም አጫጭር ናቸው። አማርኛውን ከትልቁ ፊደል ጋር እኩል ካደረግነው ላቲኑን ይጫነዋል፣ ከትንሹ ጋር እኩል ካደረግነው ደግሞ ምልክቶቹ ይጠፋሉ። ትንንሽ ፊደላቱ ረዘም ያሉለት ፎንት ሲመረጥና አማርኛው በሁለቱ ቁመት መካከል፣ ወደ ትልቁ ጠጋ ብሎ ሲቀመጥ ሦስቱም ቋንቋዎች እኩል ክብር ያገኛሉ። አንዱ ቋንቋ በሌላው ሥር እንደ ማስታወሻ ተጨምቆ ሲጻፍ ማየት ያሳዝነኛል፤ ታፔላ ላይ ሦስቱን የሚያነብ ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው።


አዲስ ዲዛይነር
ቱሉ ዲምቱ

ለመማር ያህል እጠይቃለሁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም 9 ውፍረት አለው፣ በነፃም ይገኛል። እሱን ትቶ አዲስ መንደፍ ለምን አስፈለገ?


የጣፎ ታፔላ
ለገጣፎ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ኖቶ ለብዙዎቻችን ውለታ የዋለ ፎንት ነው፤ ወፍራሞቹ መልኮቹም በሶፍትዌር ያበጡ ሳይሆኑ በትክክል የተነደፉ ናቸው። ዛሬ በኒያላ ላይ ቦልድ ከመጫን ይልቅ የኖቶን ወፍራም መልክ የሚጠቀም ሁሉ የተሻለ ታፔላ ይሠራል፤ እኔም ለደንበኞቼ የምጠቀመው እሱን ነው። ይሁን እንጂ ኖቶ በስክሪንና በወረቀት ላይ ለሚነበብ ጽሑፍ የታሰበ ፎንት ነው። የቢቱን ማዕዘን፣ የመብራቱን መፍሰስና በመርፌ የሚነቀለውን ቁራጭ እንዲያስብልን መጠበቅ አይገባንም። ፈቃዱ ማሻሻልን ስለሚፈቅድ ከእሱ ተነሥቶ መሥራትም ይቻላል፤ እኔ ግን አካሉን ከባዶ መጀመር የመረጥኩት የሰፈራችንን የቆዩ ታፔላዎች መነሻ ለማድረግ ስለፈለግሁ ነው።

በጠፍጣፋ ብሩሽ ታፔላ የሚጽፉ ባለሙያዎች ዛሬም በጋራዥና በእህል መጋዘን በር ላይ ሥራቸው ይታያል። የአንዱን «ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ ቀርቤ ስመለከተው፣ ክብና ካሬ በቁጥር ያስረዱትን ሰውየው በእጁ እንደሠራው አየሁ፤ ምሰሶውን በብሩሹ ሙሉ ስፋት አውርዶ፣ የ«ሚ»ን ምልክትና የ«ጎ»ን ቀለበት ብሩሹን በጠርዙ አዙሮ በስሱ ጽፏቸዋል። የቀለበቱንም ዓይን ክብ ሳይሆን ወደ ጎን ሞላላ አድርጎታል፤ እንዲህ ሲሆን ቁመት ሳይበላ ብርሃን ይገባበታል። ይህን ሞላላ ዓይን ለሁሉም ኃምስና ሳብዕ እወስደዋለሁ።

የተቀረውንም ከእናንተ በሰማሁት መሠረት ወስኛለሁ። ንድፉን ከሹ፣ ከኜ፣ ከጤ እና ከቿ እጀምራለሁ፤ ምሰሶው 20 ሆኖ አግድሙና ምልክቱ ከ14 እስከ 16 ባለው ውስጥ ይሆናሉ። ካዕቡ ከፍ ይላል። የውስጥ ማዕዘኖቹ ከጅምሩ ይከበባሉ፣ ለመብራት የሚሆን ሁለተኛ መልክም ይኖረዋል። ስለ ምሰሶው ጫፍ ግን ገና አልወሰንኩም፤ ብራናና ብርዕ ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣም።


ብራናና ብርዕ
ሱሉልታ

ውፍረቱ እንደዚያ ከተደለደለ ስጋቴ በአብዛኛው ተነሥቷል። ስለ ጫፉ አንድ መካከለኛ መንገድ ልጠቁምዎ። የግርጌውን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፣ መስመር ላይ የሚቆመው እሱ ነውና። የራስጌውን ብቻ፣ ያውም እንደ ገ እና እንደ ተ ባሉት ላይ፣ በትንሹ ያዘንብሉት። ከሁሉም በላይ ግን በፊደላቱ መካከል ያለውን ርቀት አይዘንጉ። ሁለት እግር ያለው ለ እና ሦስት እግር ያለው ሐ ጎን ለጎን ሲመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሐ እግሮች መካከል ካለው ሊጠብ አይገባም፤ ከጠበበ የአንዱ እግር የሌላው ይመስላል።

ይህን ፎንት ለረጅም ጽሑፍ እንዳያውሉትም አደራ እላለሁ። ለድርጅት ስም፣ ለአቅጣጫ ማሳያ፣ ለሱቅ በርና ለመጽሐፍ ሽፋን ርዕስ ይስማማል፤ በራሪ ወረቀት ላይ አንቀጽ ሙሉ ከተጻፈበት ግን አንባቢ ከሁለተኛው መስመር አያልፍም።


ቁርጥ ሥራ
ቃሊቲ

በላቲን ፊደል የታፔላ ሥራ ላይ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ቁመት የሚል የቆየ ግምት አለ። በዚያ ስሌት የ20 ሴንቲሜትር ፊደል እስከ 24 ሜትር ድረስ ያለ ችግር መነበብ አለበት፤ የእኛ ግን መለያው ከቁመቱ ሲሶ በማይሞላ ምልክት ላይ ስለሆነ ያንኑ ግምት እንዳለ መውሰድ የሚቻል አይመስለኝም። የሹ፣ የሺ፣ የጤ እና የጢ ንድፍ እንዳለቀ ይላኩልኝ፤ በ20 ሴንቲሜትር በነጭ ፕሌክሲግላስ ቆርጬ አንዱን ጥንድ ያለ መብራት፣ ሌላውን ከመብራት ጋር በግቢው አጥር ላይ እሰቅላቸዋለሁ። የትኛው ፊደል እንደተሰቀለ ያልተነገረው ሰው ከየት ርቀት ላይ ሆኖ ሹን ከሺ እንደሚለይ በሜትር ለክተን እዚሁ እንጽፈዋለን። እህታችን መምህርት ፈቃደኛ ከሆኑ ከተማሪዎቻቸውም ጥቂቶቹ ከወላጆቻቸው ጋር ቢመጡ ይበልጥ ይጠቅመናል።


መምህርት ነኝ
ቡራዩ

ወላጆቹን አነጋግሬ ቅዳሜ ከሰዓት ይዣቸው እመጣለሁ። ከሹ እና ከሺ ጋር ኑ እና ኒንም ይጨምሩበት፤ ልጆቼ ይበልጥ የሚሳሳቱት በእነሱ ላይ ነው።